ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት፦ የሰፈር ድጋፍ ልጆችን ከጥቃት እንዴት ይጠብቃል?

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ ማኅበራዊ ሚዲያው በአንድ ጉዳይ ተጥለቅልቆ ነበር። በባሕር ዳር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ተደፍራ ተገድላለች። ወንጀሉ የተፈጸመው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጥፋተኛው 25 ዓመት ተፈርዶበታል። ሕዝቡን ያስቆጣውም ይኸው ፍርድ ነው። ቅጣቱ ይክበድ የሚል የኢንተርኔት ፊርማ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፈረመበት። የሞት ቅጣት ይገባዋል የሚሉና ዕድሜ ልክ ይበቃል የሚሉ ሰዎች ለሳምንታት ተከራከሩ።

ቁጣው የሚገባ ነበር። ችግሩ፣ ተመሳሳይ ዜና በተሰማ ቁጥር ወሬያችን ከቅጣት አለማለፉ ነው። ቅጣት የሚመጣው ልጅ ከተጎዳ፣ ጉዳቱ ከታወቀ፣ ማስረጃ ከተገኘና ዐቃቤ ሕግ ክስ ከመሠረተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስላለው ረጅም ጊዜ ብዙም አይወራም። አንድ ቤተሰብ ሲቸገር፣ ሲጨነቅ፣ ልጁን የሚይዝለት ሲያጣ የሚደርስለት ማነው? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው።

ጥቃት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግራችን "የሕፃናት ጥቃት" ሲባል ቶሎ የሚታሰበን መደፈር ነው። ባለሙያዎች ግን ቃሉን ሰፋ አድርገው ይጠቀሙበታል። አካላዊ ጥቃት አለ፤ ወሲባዊ ጥቃት አለ፤ ልጅን እያዋረዱና እያስፈራሩ ማሳደግ የሚያደርሰው የስሜት ጉዳት አለ። አራተኛው ችላ ባይነት ነው። ልጁ የሚያስፈልገውን ምግብ፣ ሕክምና፣ ጠባቂ ሳያገኝ ሲቀር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዓመት ውስጥ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 17 ከሆኑ ልጆች ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት አንድ ዓይነት ጥቃት እንደሚደርስባቸው ይገምታል። አብዛኛውን የሚያደርሰው ደግሞ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው።

እኛ ዘንድ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጥቃት ተብለው አይቆጠሩም። ቁንጥጫና ኩርኩም የአስተዳደግ ደንብ ናቸው። በርበሬ ማጠን እንኳን "እኛም ታጥነን ነው ያደግነው" ተብሎ ይሳቅበታል። ሕጉም ቢሆን ሁለት ልብ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ያዝዛል። ስለ ቤት ግን በግልጽ አይናገርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያንገላታ፣ ችላ የሚል ወይም የሚደበድብ ሰው እስከ ሦስት ወር ሊታሰር እንደሚችል ይደነግጋል። ጉዳቱ ከባድ ሲሆን ቅጣቱም ይከብዳል። ወረድ ብሎ ግን ሕጋዊ የሆነ የማረም መብትን አይመለከትም ይላል። ማረም የት ያልቃል፣ ማንገላታት የት ይጀምራል? ይህን ለዳኛው ትቶታል።

በሌላ በኩል ከ13 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሕጉ በአንድ ጫፍ በጣም ከባድ፣ በሌላው ጫፍ በጣም ለስላሳ ነው። በመካከል ያለውና በብዙ ቤት በየቀኑ የሚደርሰው ነገር ፖሊስ ጣቢያም አይደርስ። ከደረሰም ፖሊስ ብዙ የሚያደርግለት ነገር የለም።

ችግር ሁሉ ጥቃት አይወልድም፣ ግን…

ድሃ ወላጅ ጨካኝ ነው ማለት ስድብ ነው፤ ስህተትም ነው። ባለ ቪላውም ቤት ልጅ ይደበደባል፤ ይደፈራል። እንዲያውም ግቢው ከፍ ባለ ቁጥር ጩኸቱ አይሰማም። ጥናቶች የሚሉት ሌላ ነገር ነው፦ የገንዘብ ጭንቀት፣ መጠጥ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ ድባቴና ብቸኝነት በአንድ ቤት ሲደራረቡ የልጁ አደጋ ይጨምራል። አንዱን ቤት የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የሚያግዝ ሰው መኖሩ ነው።

አንድ የተለመደ ነገር እንውሰድ። ጉልት የምትነግድ እናት ጎህ ሳይቀድ አትክልት ለማምጣት ትወጣለች። የአራት ዓመት ልጇን ከሰባት ዓመቷ እህቱ ጋር ትታ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች። ክፍሉ ውስጥ የከሰል ምድጃ አለ። የግቢው አከራይ ወይም የጎረቤት ጎረምሳ እናትየዋ በስንት ሰዓት ወጥታ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ ያውቃል። ይህች እናት ችላ ባይ ናት? በባለሙያዎቹ ትርጉም አዎ ሊባል ይችላል። ግን ይህችን ሴት ማስተማርም ሆነ ማሰር ምድጃውንም ጎረምሳውንም አያነሳም። ያጣችው የሕፃናት ማቆያ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ጥሩ ነው። ግን ጉልት ነጋዴዋ፣ ሲሚንቶ ተሸካሚዋ፣ ልብስ አጣቢዋ የመንግሥት ሠራተኛ አይደሉም። የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድም ቀጣሪ ላለው ሰው ነው። በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ድንጋጌው ከሚደርስበት ክልል ውጭ ናቸው።

የነገሩ ስም መለየት ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በአሜሪካ ጥቃት እንደደረሰባቸው ከተረጋገጠ ልጆች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመዘገቡት በችላ ባይነት ነው። እዚያ ለዓመታት የቀጠለው ክርክርም ይኸው ነው፦ ከእነዚህ ቤተሰቦች ስንቱ ልጁን የማይወድ፣ ስንቱ ደግሞ የቤት ኪራይ ያቃተው ነው?

ድጋፉ እንዴት ይሠራል?

የማኅበረሰብ ድጋፍ ሲባል ብዙ ነገር ይጠቃለላል፦ ገንዘብ፣ የቤት ለቤት ጉብኝት፣ የልጅ ማቆያ፣ የወላጆች ሥልጠና፣ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፖሊስ የሚያደርስ ሰው። ከሁሉም ሦስቱ በቅርብ መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። በገጠር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት መሥራት የሚችለውን በማኅበረሰብ ሥራ፣ የማይችለውን ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ይረዳል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራ ወጥተው ክፍያው ይቀጥልላቸዋል። የከተማው በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። ጠዋት መንገድ ሲጠርጉ የምናያቸው ብዙ ሴቶች በዚህ የታቀፉ ናቸው። ሴፍቲኔት የተቀረጸው ረሃብን ለመከላከል እንጂ የልጆችን ጥቃት ለማስቀረት አልነበረም። ነገር ግን የወር አስቤዛ ጭንቀት ሲቀል የቤቱም ንዴት ሊቀል ይችላል። ልጅን ሰው ቤት ለሥራ የመላክ ግፊቱም እንደዚያው።

ሁለተኛው ጉብኝት ነው። በዚህ ረገድ በጣም የሚጠቀሰው ሙከራ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1977 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 400 ሴቶች ተመዘገቡ። ከእነሱ የተወሰኑትን ነርሶች ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ቤታቸው እየሄዱ ጎበኟቸው። ከ15 ዓመት በኋላ ሲታይ ነርሶቹ በጎበኟቸው ቤቶች የተረጋገጠ የልጅ ጥቃትና ችላ ባይነት ካልተጎበኙት በ48 በመቶ ያነሰ ነበር። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ባል ሚስቱን አብዝቶ በሚደበድብበት ቤት ውጤቱ እየቀነሰ ሄዶ ነበር። እናትየዋ ራሷ ሳትጠበቅ ልጇን እንድትጠብቅ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም ማለት ነው።

ሦስተኛው ሰውን በቡድን ማሰባሰብ ነው፤ ምሳሌውም ከእኛው አገር ነው። በአማራ ክልል ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. "ብርሃን ሔዋን" የሚባል ፕሮጀክት ተሞከረ። ዓላማው ያለዕድሜ ጋብቻን መቀነስ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጃገረዶች ከአካባቢው በተመረጡ ሴቶች መሪነት በቡድን ይገናኛሉ። ደብተርና እስክርቢቶ ይሰጣቸዋል። ወላጆችና ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለ ጉዳዩ ይወያያሉ። ልጁን ለሁለት ዓመት ላለመዳር ቃል የገባና ቃሉን የጠበቀ ቤተሰብ በመጨረሻ ከልጅቷ ጋር አንዲት ሴት በግ ይሰጠዋል።

ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ፕሮጀክቱ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸሩ የመዳር ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸውም በሦስት እጥፍ ያህል ጨመረ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ የመዳር ዕድላቸው ከሌላው አካባቢ እንዲያውም በለጠ። ቤተሰቡ ጋብቻውን ለጊዜው አዘገየው እንጂ አልተወውም ብሎ መገመት ይቻላል። በሕግ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶ የሚሆኑት 18 ሳይሞላቸው እንዳገቡ ታይቷል።

ከሞሰቦ የምንማረው ይመስለኛል፦ የድጋፉ መጠን ያን ያህል አያስፈራም። የአንዲት በግ ዋጋ የትኛውንም ወረዳ አያከስርም። ከባዱ ነገር ሰው መድቦ ሳምንት በሳምንት ማገናኘቱ ነው።

እድሩ ምን ይችላል? ምን አይችልም?

"እኛ እኮ እድር አለን" የሚል መልስ ሁሌም ይመጣል። እውነት አለው። እድር የማይደርስበት ሰፈር ጥቂት ነው። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን ዩኒፎርምና ቀለብ ችለዋል። በኋላም "የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት" የሚባል አደረጃጀት መጣ። እድሩን፣ የሃይማኖት አባቱን፣ መምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የቀበሌ ሰው ያሰባስባል። ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በትግራይ በአብይ ዓዲና በሕንጣሎ ወጀራት በተሞከረው የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ተረጂዎቹን የለዩት እነዚህ ጥምረቶች ናቸው። ማን በእውነት እንደተቸገረ ከአዲስ አበባ ቢሮ ይልቅ ጎረቤት ያውቃል።

ግን ይኸው ቅርበት እንቅፋትም ነው። የደፈረው ሰው የእድሩ ዳኛ ዘመድ ቢሆንስ? ሽምግልና ጠብ ያበርዳል፤ ሰፈር ያስታርቃል። በልጅ ላይ በደረሰ ጥቃት ሲገባ ግን ሁለት ቤተሰቦች ታርቀው፣ ካሳ ተቀብለው፣ ምስክር ጠፍቶ መዝገቡ ሲዘጋ ልጅቷ ከዚያው ሰው ጋር በአንድ ግቢ ትቀራለች። እዚህ ላይ ማለባበስ አያስፈልግም፤ ይህ ዓይነቱ እርቅ የሚጠቅመው አዋቂዎቹን ነው። እድር የተቸገረውን ቤት ይለይ፣ ያግዝ፣ ይጠይቅ። ወንጀል መመርመርና መዳኘት የእሱ ሥራ አይደለም።

"የዘመድ ልጅ" የምንለው ነገርም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። ከገጠር የመጣች የአክስት ልጅ ከተማ ገብታ ስትማር ዝምድና ማኅበራዊ ዋስትና ሆነ እንላለን። አንዳንዱ ቤት ግን ልጅቷ ከሁሉም ቀድማ ተነስታ፣ ከሁሉም ኋላ ተኝታ፣ ትምህርቱም "በሚቀጥለው ዓመት" እየተባለ ይቀራል። ቤተሰብ ስለሆነች ደመወዝ የላትም፤ ሠራተኛ ስላልሆነች ጠያቂ የላትም። ውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ልጆች በአገር ቤት ቤተሰብ፣ በአደራ ቤተሰብና በዘመድ እንዲያድጉ የበለጠ ትኩረት ተሰጥቷል። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ልጁን ካስቀመጡ በኋላ እየሄዱ ማየት እስካለ ድረስ።

ሰፈሩም እንደ ድሮው አይደለም። በኮንዶሚኒየም ፎቅ የበር ለበር ጎረቤት ሳይተዋወቅ ዓመት ያልፋል። በአዲስ አበባ ከፒያሳና ከካዛንቺስ በመልሶ ማልማት የተነሱ ነዋሪዎች ወደተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። ቤት ይተካል። ልጅ ሲታመም በሌሊት የሚንኳኳ በር ግን ካርታ ላይ ስለማይታይ በካሳ ስሌት ውስጥ አይገባም።

የጎደለው እርከን

ታች እድርና በጎ ፈቃደኛ አለ። ላይ ሕግና ተቋም አለ። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጎዳች ልጅ ሕክምና፣ የሕግ ድጋፍና ምክር በአንድ ቦታ የምታገኝበት ማዕከል አለ። ልደታ ፍርድ ቤት ልጆች ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ በካሜራ የሚመሰክሩበት ችሎት አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ደረጃ ነው የሳሳው። ቤት ለቤት ሄዶ ሁኔታውን የሚያጠና፣ ለአንዱ ማቆያ፣ ለሌላው ሕክምና፣ ለሦስተኛው ፖሊስ እንደሚያስፈልግ ለይቶ መጨረሻውን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። በሙያው ቋንቋ ይህ "ኬዝ ማኔጅመንት" ይባላል። አንድን ቤተሰብ ከጅምር እስከ ፍጻሜ በአንድ ባለሙያ እጅ መያዝ ማለት ነው። የሚሠራው ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነው።

የዚህ ሙያ ታሪክ የተቆራረጠ ነው። በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ነበር። በደርግ ዘመን ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ትውልድ ሙሉ ባለሙያ ሳይወጣ አለፈ።

ከጤናው ዘርፍ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይታያል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር መንግሥት የወሰነው ግልጽ ነገር ነበር፦ በየገጠር ቀበሌው ሁለት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴቶች ይመደባሉ። ከ30 ሺህ በላይ ተሰማሩ። ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ እንዲስፋፋ የእነሱ ድርሻ ትልቅ ነው። ለልጆች ደህንነት ግን ሥራው በአመዛኙ ለበጎ ፈቃደኛ ተተወ። በጎ ፈቃደኛዋ ብዙ ጊዜ ራሷ ድሃ ናት። ትራንስፖርት ከኪሷ ነው። ጎረቤቷን ከሰሰች ከተባለ በማግስቱ የምታድረው እዚያው ሰፈር ነው። ለዚህች ሴት የምስጋና ወረቀት መስጠት በቂ አይመስለኝም።

"የጤና ኤክስቴንሽኗ ትሥራው" የሚሉ አሉ። ቤቱን ታውቃለች፤ ምልክት አይታ ልትጠቁምም ትችላለች። ሙሉውን ሥራ መጫን ግን ሌላ ነው። ቀድሞውኑ የተሸከመችው ፓኬጅ ብዙ ነው።

"ጓዳዬ ምን አገባቸው?"

ተቃውሞም አለ፤ ከንቱ ተቃውሞም አይደለም። የቀበሌ ሰው ቤት ሲገባ ብዙ ሰው ደስ አይለውም። ቀበሌ በዚህ አገር እርዳታ ብቻ ሳይሆን ቁጥጥርም ሆኖ ያውቃል። መረጃው ለሌላ ነገር ቢውልስ? አማት "ልጅ አስተዳደግ ከማን ልትማሪ ነው?" ብትልስ?

በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ዘንድ ፍርሃቱ ሌላ ቅርጽ አለው። በአሜሪካና በአውሮፓ "ልጄን ይወስዱብኛል" የሚለው ወሬ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ይሰማል። ትምህርት ቤት ልጁን ስለ ቁንጥጫ ጠይቆት ወላጅ የተጠራበት ታሪክ የማያውቅ ጥቂት ነው። ፍርሃቱ ግን ሌላ ጉዳት ያመጣል። ወላጅ በእውነት እርዳታ ሲፈልግ፣ ሲደክም፣ ሲጨነቅ ዝም ይላል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። የሚረዳውና የሚመረምረው ሰው አንድ ከሆነ ቤተሰቡ በሩን አይከፍትም። ዱቄትና ዘይት ይዛ የመጣችው ሴት ነገ መዝገብ ይዛ የምትመጣ ከመሰለች እናትየዋ ቁስሉን ትሸፍናለች። ስለዚህ ሁለቱ መለያየት አለባቸው። ከባድ አደጋ ሲታይ ግን ዝም እንደማይባል ለቤተሰቡ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገር።

ከእንግዲህ ምን ይጠበቃል?

ይህን ሥራ ለዓመታት በአብዛኛው የደገፈው የውጭ ገንዘብ ነው። ኤች አይ ቪ ላጠቃቸው ቤተሰቦች ልጆች የሚደረገው የቤት ለቤት ድጋፍ በተለይ የአሜሪካ እርዳታ ጥገኛ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን አገደ። ብዙም ሳይቆይ ጤና ሚኒስቴር በዚህ ገንዘብ የሚከፈላቸውን የ5 ሺህ ሠራተኞች ውል አቋረጠ። የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት የሆነው ዩኤስኤይድ ራሱ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቆመ። ክሊኒክ ሲዘጋ ሰልፉ ይታያል። የቤት ለቤት ጉብኝት ሲቆም ግን የሚሰማ ነገር የለም። ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ በፖሊስ መዝገብ ነው፤ ያኔ ማንም ከገንዘቡ መቋረጥ ጋር አያያይዘውም።

የከተማው ሴፍቲኔት ራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ተጠቃሚዋ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ መነሻ ገንዘብ ይዛ "ትመረቃለች"። ሱቋ ከሠራ ደግ። ካልሠራ ማን እንደሚጠይቃት የተጻፈ ነገር እምብዛም የለም።

አንዳንዶች አገሪቱ ይህን በራሷ በጀት ልትችል አትችልም ይላሉ። ጦርነቱ፣ የዋጋ ንረቱና ዕዳው ባለበት ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እየተጠየቀ ያለው አዲስ ሆስፒታል ወይም ሕንፃ አይደለም። በየወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መዋቅር ላይ ጥቂት የሶሻል ወርከር መደቦችን መክፈት፣ ደመወዛቸውንና ትራንስፖርታቸውን ከመደበኛ በጀት መሸፈን፣ ከሴፍቲኔትና ከጤና ጣቢያው ጋር በአንድ መዝገብ ማገናኘት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳ ምክር ቤቶችም በጀታቸውን ሲያጸድቁ ያ መደብ በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማንም ነዋሪ ሊጠይቅ ይችላል።